የሰው ውሃ

የውሃ ቀለም የሚሥል ሰው ከፊቱ ሁለት ዕቃ ውሃ ያስቀምጣል። አንደኛው ብሩሽ የሚታጠብበት ነው፤ ሥራው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ይደፈርሳል፣ ቢደፈርስም የሚቆረቆርለት የለም። ሁለተኛው ንጹሁ ነው። ቀለም የሚበጠበጥበት፣ ወረቀት የሚረጥብበት፣ ሰማይ የሚዘረጋበት ውሃ እሱ ነው። ይህ ሁለተኛው ውሃ እንደ ጥርስ ብሩሽ የግል ነው። ይህን የጻፈ መጽሐፍ አላጋጠመኝም፤ ማንም የሚጠራጠረው ስለሌለ ይመስለኛል።

ጋሼ ይጠራጠሩታል።

ስማቸውን አልጠራም። ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው፤ የማኅበራችን አንጋፋ። ቅዳሜ ጠዋት ለሥዕል ስንሰበሰብ ወንበራቸው ሁልጊዜ ከእኔ ቀኝ ነው። የራሳቸው ውሃ የላቸውም እንዳይባል አላቸው፤ እንደማንኛችንም ሁለት ዕቃ ደርድረው ነው የሚቀመጡት። ሆኖም ብሩሻቸው ሲደርቅ እጃቸው የራሳቸውን ሁለቱንም አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። ንጹሁ ውሃዬ ውስጥ ይገባል፣ ያማስላል፣ ጠርዙን ኳ ኳ ያደርጋል፣ ይወጣል። ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ ሌላ ቢሆን ምን ነበረበት? ፕሩሺያን ብሉ ነው።

ፕሩሺያን ብሉን የማያውቅ ሰው ሰላሙን ይዞ ይኑር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ አንድ ቀለም ሠሪ ቀይ ሊሠራ ተነሥቶ፣ የተጠቀመበት ፖታሽ ንጹሕ ስላልነበረ ቀዩ ቀርቶ ሰማያዊ ወጣለት ይባላል። ጃፓናዊው ሆኩሳይ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ያን ትልቅ ማዕበል ያወጣው በዚሁ ቀለም ነው። ሐኪሞችም ታሊየም ወይም ሴሲየም የሚባል መርዝ ሰውነቱ ውስጥ ለገባ ሰው በእንክብል ይሰጡታል። ባለብዙ ሙያ ቀለም ነው፤ አልክድም። ከሙያው ሁሉ የሚበልጠው ግን መስፋፋት ነው። የብሩሽ ጫፍ ያህል ከገባበት ብርጭቆው ከእንግዲህ ያንተ አይደለም። ቢጫ በጥብጬ አደይ አበባ ልሥል ስነሣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቆስጣ ነው።

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?» ይለኛል ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው። ምን ብዬ? አባቴን የሚያክሉ ሰው «ውሃዬን አይንኩብኝ» ይባላሉ? መንገደኛ ደጅ ቆሞ ውሃ ሲጠይቅ ጠላ ጨምሮ የሚሰጥ ቤት ውስጥ ነው ያደግነው። በእጅ አዙር ግን ያላደረግሁት የለም። ብርጭቆዬን ወደ ግራ አራቅሁት፤ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ሥዕሌ ላይ እያንጠባጠቡ ደረሱበት። «ንጹሕ» የሚል ወረቀት ለጠፍሁበት፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል፣ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተሃል ልበል?» ብለው ብሩሹን ነከሩ። በመጨረሻ ሦስተኛ ብርጭቆ ሞልቼ ከፊታቸው አስቀመጥሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ጠጡት።

የቀረኝ ሕግ ነበር። ማኅበራችን ሥዕል ቢሥልም ጠባዩ የእድር ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መተዳደሪያ ደንብም አለው። አርፍዶ የመጣ ይቀጣል። ሳያስፈቅድ የቀረ ይቀጣል። የቡና ተራው ደርሶ ቆሎ ሳይዝ የመጣ፣ በደንቡ ባይጻፍም፣ በዓይን ይቀጣል። ለቅሶና ሠርግ መዋጮ አለ፤ ለወለደች አባል የገንፎ አለ። ከዚህ የተረፈው ጊዜ ለሥዕል ነው። ከአባላቱ መካከል ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁ ስላሉ በወር አንድ ቀን አንዳቸው ፊት ለፊታችን ይሥላሉ፤ እኛ ከኋላ ቆመን «አሃ» እንላለን። ይህን ሁሉ ያሰበ ደንብ ስለ ሰው ውሃ ግን አንድ አንቀጽ የለውም። ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ላይ ደርሰን ሁሉም ቦርሳውን ማንሣት ሲጀምር እጄን አወጣሁ። ማንንም ሳልነካ፣ በጥቅሉ፣ «የውሃ አጠቃቀማችንን የሚመለከት ነገር ቢገባ» አልሁ።

ውሃ የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ውስጥ በጥቅሉ መናገር ምን እንደሚያስከትል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቦርሳዎቹ ተመልሰው መሬት ተቀመጡ። ጀሞ የምትኖር አባል ፈረቃቸው ሌሊት እንደሆነና ጀሪካን ስትሞላ አንግታ ሥዕል ላይ እንደምታንጎላጅ ተናገረች። ሌላው ሮቶ ለመስቀል ስንት እንደተጠየቀ ተናገረ። አዳራሹ ውስጥ ቧንቧው ስለማይታመን ሁላችንም ውሃችንን በሃይላንድ ይዘን ነው የምንመጣው፤ ይህ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም፣ ትልልቅ ወረቀት የሚሥሉ ሰዎች የሌላውን ይጨርሳሉ ተባለ (ልቤ ዘለለ፤ ግን ወደ እኔ ጉዳይ አልመጣም)። ከዚያ አንድ ወጣት አርክቴክት ተነሥቶ ነገሩን ወደ ሳይንስ ወሰደው። የውሃው ምንጭ ሥዕሉን ይለውጠዋል አለ። ጠንካራ፣ ማለት ማዕድን የበዛበት ውሃ እንደ አልትራማሪን ያለውን ቀለም ያስቋጥረዋል፤ ሰማዩ ልሙጥ መሆኑ ይቀርና ቅንጣት ቅንጣት ይላል። ስለዚህ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚጠጣ ሠፈርና ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ የሚጠጣ ሠፈር አንድ ዓይነት ሰማይ ሊሥሉ አይችሉም። ጉባኤው ወዲያው በግድብና በጉድጓድ ተከፈለ። የአቃቂ ወገኖች ቅንጣቱ ውበት ነው አሉ። የለገዳዲዎቹ አዘኑላቸው። አንዲት እናት የሐምሌ ዝናብ አጠራቅመው እንደሚጠቀሙና ከሁሉ የሚሻለው እሱ እንደሆነ ገለጹ። አንድ አባል በጠበል መሣል ነውር ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። ሲመሽ እንደ ወጉ ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢነቱ በእድሜም በሙያም ይገባቸዋል ተብሎ ለጋሼ ተሰጠ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው ወይ የሚል ካለ ሂሳቡን ላስረዳው። ለውሃ ቀለም ደህና የሚባለው ወረቀት በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ጥጥ ነው፤ 56 በ76 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሉክ ከውጭ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ተለምኖ ይገባል፣ ለስምንት ተቆርጦ እንደ ቅርጫ ሥጋ እጣ ይወጣበታል። ቀለሙ 5 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ቱቦ ይመጣል። ቱቦዋ ውስጥ ቀለሙን አያይዞ ወረቀት ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ የግራር ሙጫ ነው። ቦረና ሜዳ ላይ ከግራር ግንድ የሚለቀመው፣ በኩንታል ወደ ውጭ የምንልከው ሙጫ። ጥጥ አዋሽ ይበቅላል፣ ሙጫው ከኛው ግራር ይፈሳል፣ እኛ የምንገዛው ግን ሁለቱንም ከባሕር ማዶ ነው፤ በዶላር። ከጠቅላላው ዝግጅት ውስጥ ያለ ጉምሩክ የሚገኘው ውሃው ብቻ ነበር፤ እሱም ሰማያዊ ሆነብኝ።

ዐውደ ርእይ ስናዘጋጅ ደግሞ ጎብኚው ቀረብ ይልና በጥፍሩ መስተዋቱን መታ መታ አድርጎ «ወረቀት ነው እንዴ?» ይላል። ሸራ ከሆነ ዋጋ ይጠይቃል፤ ወረቀት ከሆነ «ጎበዝ፣ በርቱ» ብሎ ያልፋል። እንግሊዞች በ1804 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የውሃ ቀለም ሠዓልያንን ማኅበር ለብቻ ያቋቋሙት ትልቁ አካዳሚ የዘይት ቀለሙን ከፍ፣ የእነሱን ዝቅ አድርጎ ስላስቀመጠባቸው ነበር። ሁለት መቶ ዓመት አልፎም ያው መስተዋት ይመታል። ይህን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድሁት ሌላ ነው። ደጅ ወጥቶ መሣል የማኅበራችን ትልቁ ደስታ ነው፤ በርጩማ፣ ሃይላንድ፣ ባርኔጣ ይዘን እንወጣለን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ መፍረስ በጀመረበት ሰሞን አንድ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ሳይሄድብን እንሣለው ብለን ተቀመጥን። ገና ወረቀት ሳናረጥብ ጥበቃው መጣ። «ፈቃድ አላችሁ?»

«የምን?»

«የመሣል።»

በዚያች ቅጽበት አንድ ወጣት አልፎን ቤቱን በስልኩ አነሣ፣ ራሱን ጨምሮ ደገመ፣ ሄደ። ጥበቃው አየውና ዝም አለ። እሱስ ብንለው «ስልክ ሌላ ነው» አለ። ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከየት እንደሚጻፍ እሱ አያውቅም፤ ምናልባት የሚያውቀው ቢሮ ቅዳሜ ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። ያ ቤት ሊፈርስ ቀኑ ተቆርጦለት ነበር። ለማፍረሱ ደብዳቤ አለ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው። ለመሣሉ ደብዳቤ የሚጽፈው ቢሮ የቱ እንደሆነ የነገረን የለም፤ ደብዳቤው ግን ይጠየቃል። ዶዘር ይዞ የመጣ «እለፍ» ይባላል፣ ብሩሽ ይዞ የመጣ መታወቂያ ያሳያል። ሮጦ ያነሣ ሰው ምንም አልተባለም፤ የተጠረጠርነው ስለተቀመጥን ነው፣ አንድን ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ስላየነው ነው። አስተውሎ ማየት ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው? በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ዘመቻ ጋር ዊልያም ሲምፕሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ለአንድ የለንደን ጋዜጣ መጥቶ አገሩን በውሃ ቀለም ሲሥል ነበር። ማንም ደብዳቤ አልጠየቀውም፤ ጦር ይዞ ነዋ የመጣው! እኛ የያዝነው በርጩማ ስለሆነ ነው የምንዋረደው? ይህንኑ በዚሁ ድምፅ ለጥበቃው ነገርሁት። መታወቂያዬን ደግሞ ጠየቀኝ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሡ። «ና እስቲ ልጄ» አሉት። «አገርህ የት ነው?»

«ጋይንት።»

«ላይ ነው ታች?»

«ላይ፤ ነፋስ መውጫ።»

ጋሼ ሳቁ። የወረታ ወልዲያ መንገድ ሲሠራ እዚያ ነበሩ፤ ቻይናዎቹ ድንጋይ ሲፈነቅሉ እሳቸው የቅየሳ መሣሪያ ተሸክመው ገደል ለገደል ሲሄዱ። የልጁን ቀበሌ አወቁት፤ የገበያውን ቀን አወቁት፤ ብርዱን አወቁት። ልጁ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ትንሽ ቆይቶ ከጥበቃ ቤቱ ወንበር አመጣላቸው፤ ሃይላንዳችን ማለቁን ሲያይ ደግሞ በባልዲ ውሃ ቀዳልን። እኩለ ቀን ላይ ከጋሼ ኋላ ቆሞ «በረንዳው ላይ እኔም ልግባ?» ይል ነበር።

አስገቡት። አምሮም ገባ። እውነቱን ለመናገር ያንን ቤት ከሁላችንም አስበልጠው የሣሉት እሳቸው ናቸው። ከበረንዳው ሥር ያለው ጥላ፣ ያ ጥልቅ፣ ቀዝቃዛ ጥላ፣ በፕሩሺያን ብሉ ካልሆነ በምን ይመጣል? የእኔ ቤት ቅርጹ ልክ ነው፣ መስኮቱ ተቆጥሯል፣ ግን ማንም አይኖርበትም። ዛሬ የጋሼ ሥዕል ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ መንገዱ ሰፍቷል። መሐንዲስ ስለሆኑ የመንገዱን ሥራ አይነቅፉም። «ተዳፋቱ ልክ ነው» አሉኝ ባለፈው፤ ከዚያ በላይ ምንም አላሉም። ሥዕሉ የተሠራው በማን ውሃ እንደሆነ እኔም አላነሣሁም። የውሃ ኮሚቴው ጥናቱን እስካሁን አላቀረበም፤ ሰብሳቢው ሥራ በዝቶባቸዋል ተብሏል።

አሁን የተያዘው ክርክር የአደይ ነው። መስከረም ሲመጣ ለአደይ አበባ የትኛው ቢጫ ይሆናል በሚለው አልተስማማንም። ካድሚየም ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ሎሚ ቢጫውን ብርዳም ነው የሚሉ አሉ፤ እኒያ ዝናብ የሚያጠራቅሙት እናት ደግሞ ቢጫው ሳይሆን ከኋላው ያለው ደመና ነው የሚያወጣው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ቅርብ ነው፣ ግን ንፋሱ ወረቀት ይነጥቃል። ቢሾፍቱ ይሻላል ያሉት በዙ። ሆራ እንዳንሄድ ያን ሰሞን ኢሬቻ ስላለ መቀመጫ አይገኝም፤ ባቦጋያ ከሆነ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለው አብዛኛው ታጥሮ የመዝናኛ ቦታ ስለሆነ ገብቶ ለመቀመጥ ቢያንስ ምሳ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ዓሣው ደህና ነው ይላሉ። የሚኒባሱ ሂሳብ ግን ገና አልተሟላም። ጸሐፊዋ እስከ ሐሙስ ያልከፈለ ቦታ የለውም፣ ቅጣትም አለው ብላለች፤ ቅጣቱ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይደመር ወይስ ለብቻ ይያዝ የሚለው ደግሞ ገንዘብ ያዡ ከመስክ ሲመለስ ይታያል።