ሃምሳ ሎሚ ከጄኔቭ

ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ሁለት ጊዜ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ቦሌ ላይ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። አፍ «እንኳን ደህና ገባህ!» ይላል፤ ዓይን ግን የሻንጣው ዚፕ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአምስት ቀን ስብሰባ ጄኔቭ ተላክሁ። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ቢሮውን አዳረሰ። ያገኘኝ ሁሉ «ምንም እንዳታመጣልኝ» አለኝ። በእኛ አገር «ምንም» ማለት ቢያንስ ቾኮላት ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው ቪዛውን ቢከለከል ይሻለዋል። ባልደረባውን፣ ዕቁብተኛውን፣ ጎረቤቱን፣ የሚስቴን ወገንና የእኔን ወገን ስደምር ሃምሳ ሞላ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ችግሩ ሃምሳው ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ጌጡን ሲጠብቅ፣ ተሸካሚው ጄኔቭ ላይ ብቻውን መሆኑ ነው።

አበሌን አልበላሁም። ጠዋት የሆቴሉን ቁርስ ለምሳም እንዲበቃ አድርጌ እበላለሁ፤ ማታ በሬን ዘግቼ የእናቴን ዳቦ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ከተማዋ እንደሚወራባት ጨካኝ አይደለችም። ሆቴል ያደረ እንግዳ በአውቶቡስና በትራም በነፃ ይሳፈራል። የአደባባይ ቧንቧዋ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቁ 140 ሜትር ወደ ሰማይ የሚወነጨፈውን ውሃ ማየትም አይከፈልበትም። ክፋቱ፣ ከነዚህ አንዱንም ሻንጣ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ሩ ዱ ሮን በሚባለው ጎዳና የሰዓት መስኮቶችን አየሁ። ዋጋ ያልተጻፈበትን አለፍኩ፤ ዋጋ የተጻፈበትን ደግሞ ፈጥኜ አለፍኩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ለመንግሥታት ማኅበር የአገር አቤቱታ አሰምተዋል። እኔ የቾኮላት ዋጋ አቤቱታዬን የማሰማበት ጠፋኝ።

የፍሪጅ ማግኔት አነሳሁ፤ ከፊቱ ላምና ተራራ፣ ከጀርባው «በቻይና የተሠራ»። እሱንስ መርካቶም አላጣውም። ለዘመድ ይሆናል ብዬ ቀዩን የስዊዝ ሰንጢ ተመኘሁ፤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ፍተሻው ላይ ሊቀር እንደሚችል ትዝ ሲለኝ ተውኩት። በመጨረሻ «በቶብለሮን ልገላገል» አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1908 በርን ከተማ የተፈጠረ፣ ስዊዝነቱን ማንም የማይጠራጠረው ቾኮላት ነው። ካርቶኑን ሳየው ግን ድሮ የነበረበት፣ 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው የማተርሆርን ተራራ ሥዕል የለም። ለካስ እ.ኤ.አ. በ2023 የምርቱ ከፊል ወደ ስሎቫኪያ ሊሄድ ሲል፣ የስዊዞች ሕግ ውጭ ለሚሠራ ምግብ የአገር ምልክት ስለማይፈቅድ ተራራው ወርዶ በሌላ ተራራ ተተክቷል። ደግሞም ቶብለሮን አዲስ አበባም ይሸጣል። የሰፈሬን ባለሱቅ ዕቃ በአውሮፕላን አዙሬ ለሰፈሬ ሰው ላቀርብ ነው?

ጥበቡ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እንግዳ የሚገዛበትን ትቶ የአገሩ እናት አስቤዛ የምትገዛበት መግባት! ሚግሮና ኩፕ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች የራሳቸው ቾኮላት አላቸው፤ ያው ስዊዝ ነው፣ ዋጋው ግን የሰው ነው። ሃምሳ ባለ100 ግራም፣ አምስት ኪሎ። ይህን ሁሉ አስልቼ የጨረስኩት እሑድ ጠዋት ነበር። ጄኔቭ ደግሞ እሑድ ሱቆቿን ዘግታ ታርፋለች። እየሮጥኩ ኮርናቨን ባቡር ጣቢያ ስደርስ ክፍት ሱፐርማርኬት አገኘሁ። ያን ዕለት በዓለም ላይ እንደ እኔ ባቡር ሳይጠብቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ተመልሼ ቢሮ ውስጥ ቾኮላቱን ሳድል የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ መጠቅለያውን ገልበጥ አድርጋ «የሱፐርማርኬት ነው እንዴ?» አለች። እየበላች ነው ያለችው። ለእናቴ ያመጣሁላት ሪኮላ የሚባለውን የሳል ከረሜላ ነበር። «እማዬ፣ 13 ዓይነት ቅጠል አለበት» አልኳት። አሰብ አድርጋ «ዳማከሴስ አለበት?» አለችኝ። የለበትም ስላት በአገሩ አዘነች፤ ከረሜላውን ግን ከመድኃኒቷ ጋር አስቀምጣ፣ ለሚያስል ጎረቤት አንድ አንድ ትሰጣለች። ካመጣሁት ስጦታ ሁሉ እስከ ዛሬ ያላለቀው እሱ ብቻ ነው።

በቀደም አንድ ባልደረባዬ ወደዚያው ሊሄድ ተነሣ። እሑድን እንዲጠነቀቅ፣ ሰዓቱን አይቶ እንዲያልፍ፣ ዳቦ ቆሎ እንዳይረሳ መከርኩት። ከልቡ አመስግኖ «ለአንተስ ምን ላምጣልህ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ዓይኔን ከዓይኑ ሳልነቅል።