አይሪስ ምን አጠፋች?

ሰው ስም ከወጣለት ዕቃ ጋር መጣላት ይከብደዋል። አዳም ዌይትስ፣ ጆይ ሂፍነርና ኒኮላስ ኢፕሊ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎችን መኪና መንዳትን በሚያስመስል ማሽን ላይ አስቀምጠው ፈተኑ። ለአንዱ ቡድን ራሷን የምትነዳ መኪና ሰጡት። ለሌላውም ያችኑ፤ ግን «አይሪስ» የሚል ስምና የሴት ድምፅ ጨመሩላት። አነዳዷ ያው ነው፤ እምነቱ ግን ወደ አይሪስ አደላ። በሌላ ሾፌር ጥፋት ግጭት ሲደርስም ስም የለሿ ይበልጥ ተወቀሰች፤ አይሪስን ግን ማን ጨክኖ ይናገራት!

ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? እሱም ስም አለው፤ ድምፅም አለው። ስለ አገሩ ፖለቲካ ከጠየቁት ደግሞ ከነማብራሪያው ይመልሳል። መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ጥፋቱ የእሱ ነው።

ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሾፌር አልባው የዌይሞ ታክሲ ቀበቶ እንድታስሩ በጨዋ ድምፅ ያስታውሳችኋል። ሲወርድ ለባዶው ወንበር «አመሰግናለሁ» የሚል አይጠፋም። (ለሰው ሾፌር ሲሆን በሩን ደርግሞ መሄድ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2024 እነዚሁ ጨዋ መኪኖች እዚያው ከተማ በሚያድሩበት ማቆሚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ጥሩምባ እየነፉ ሰፈሩን እንቅልፍ ነሡት። ጥሩምባው የተሠራው ወደ ኋላ እየመጣ ሊገጫቸው የሚችል መኪና ሲያዩ እንዲያስጠነቅቁ ነበር። ወደ ኋላ የሚመጡትም፣ የሚያስጠነቅቁትም ራሳቸው ነበሩ።