ደላላው ይጥፋ!

አጋሮ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ የራሱ የኢኮኖሚ ሚኒስትር አለው። ሹመቱን ፓርላማ አላጸደቀለትም እንጂ ሥራውን አንድ ቀን አስታጉሎ አያውቅም። እኔ የምጠጣበት ቤት ሚኒስትር አቦሉን ፉት እንዳለ ገበሬውን ከድህነት በሁለት ቃል ገላገለው፦ «ደላላው ይጥፋ!» ቶናው ሳይቀዳ ቤቱ አጨበጨበ።

እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሳይ ጅማ አጠገብ ላሉት ለመልኮ ምርምር ማዕከል ሰዎች አዝናለሁ። እሸቱን ዛፉ ላይ የሚያጠቁረው በሽታ በ1960ዎቹ ቡናውን ሲፈጀው፣ ምስኪኖቹ «በሽታው ይጥፋ!» ማለት አልመጣላቸውም። ጫካ ገብተው ዛፍ በዛፍ ሲመርጡ፣ ሲፈትኑ ከረሙ። ዛሬ ገበሬው የሚተክለው 74110 የተባለ ዝርያ የተመረጠበትን የፈረንጅ ዓመት በስሙ ተሸክሞ ይኖራል። ስንት መፈክር ይወጣው የነበረ ጊዜ!

መንግሥት እንኳ ከሚኒስትራችን ትምህርት ቀስሟል። ደርግ ነጋዴውን «አሻጥረኛ» ብሎ የንግዱን አብላጫ ለኮርፖሬሽን ሰጠ፤ ቡናውም ድንበር በሌሊት መሻገር ለመደ። በ2001 ቡና ወደ ምርት ገበያ ገባ። ክፍያው በማግስቱ ይደርሳል፣ ይህስ ይመስገን፤ ታዲያ የጌራና የጎማ ወረዳዎች ቡና በደረጃ ተመድቦ ሲደባለቅ፣ ደላላው ሳይጠፋ የገበሬው ስም ጠፋ። በ2009 ደግሞ አዋጅ 1051 ለቀጥታ ሽያጭ በር ከፈተ። ደላላው በዚያም በር ገባ።

ለምን እንደማይጠፋ ማየት የፈለገ ነሐሴ ላይ ጌራ ይሂድ። ጎተራው ተጠርጓል፣ ለልጅ ደብተር ሊገዛ ነው፣ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። ባንክ ማስያዣ ይላል፤ ደላላው ዛፉን አንዴ አየት አድርጎ ብሩን ይቆጥራል። ጻድቅ ነው አላልኩም፤ በርካሽ ይገዛል፣ ሚዛኑም ወደ ራሱ ያዘነብላል። ግን ጭቃው መኪናውን ሲይዝ ጀንፈሉን በአህያ የሚያወርደውም እሱው ነው። የዓለም ዋጋ የሚቆረጠው ደግሞ ኒውዮርክ ነው፤ እዚያ አጋሮን የጠየቀ የለም።

ይህን ሁሉ ለሚኒስትሩ ባነሳለት፣ «አንተም ደላላ ነህ እንዴ?» አለኝ። ቤቱ እንደገና አጨበጨበ። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ያለ ማስያዣ የሚያበድር፣ ከደላላው የተሻለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ጌራ ውስጥ የሚጠብቁት አሉ።