አባ ኮዳ እየተቀረጸ ነው፣ ዝም በሉ

እዚህ ጋምቤላ፣ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ፣ ትወናውን ጥሎ የአውሬ ፊልም እሠራለሁ ያለ ጎረምሳ አለ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ ሻይ የምትጠጣው እኔ ዘንድ ነው።

በካምፑ የጤና ትምህርት ድራማ ላይ ኮሌራ የያዘውን ሰውዬ የሚሆነው ይህ ልጅ ነበር። እጁን ሳይታጠብ ይበላል፣ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ አሮጊቶች በኑዌርኛ ይራገማሉ። ቋንቋው ግማሹ ብቻ የሚገባኝ እኔ እንኳ ከሳቁ ብዛት ብርጭቆ ሰብሬያለሁ። እንዲህ አምሮበት የሚሞት ሰው አይቼ አላውቅም! አሁን ግን ሞቱን ትቶ ቆሻሻ መጣያው ዳር በደረቱ ተኝቶ አባ ኮዳ የሚባለውን ወፍ በስልክ ይቀርጻል። «አባባ፣ ዝም ይበሉ፣ ድምፅ ይገባል» ይለኛል፣ በገዛ ሻይ ቤቴ ደጃፍ። በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ስመጣ ካድሬው ዝም በል ብሎኛል፤ እሱ እንኳ ለወፍ ብሎ አልነበረም።

የአዲስ አበባ ተዋናይ ሥራ ሲቀይር ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። የሪል እስቴት ማስታወቂያ ላይ ቁልፍ ይዞ ይስቃል። ይህ የሚገባኝ ነገር ነው፤ ቤቱ ገና ባይሠራም ቢያንስ ትንኝ የለበትም።

ልጁ ግን የፈረንጅ ምስክር ይጠራብኛል። ቢል ትራቨርስና ቨርጂኒያ ማኬና የሚባሉ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሁለቱም ዝነኛ ተዋንያን። እሷማ በአገሯ ትልቁን የፊልም ሽልማት ወስዳለች። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውንና ኤልሳ ስለተባለችው አንበሳ የሚናገረውን «ቦርን ፍሪ» ኬንያ ሄደው ሠሩ። ለቀረጻው ሲዘጋጁ አንዱ አንበሳ ዘልሎባት ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። እነሱ ግን ፊልሙ ሲያልቅ አብረዋቸው የሠሩት አንበሶች የት ገቡ ብለው ዘጋቢ ፊልም ጀመሩ! የልጁ የድራማ ባልደረቦች የት እንደገቡ የጠየቀ የለም።

ጉዳቸው በዚህም አላበቃም። አብራቸው የተወነች ፖሊ ፖሊ የምትባል ግልገል ዝሆን ለለንደን መካነ አራዊት ተሰጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 እዚያው ሞተች። በዓመቱ ባልና ሚስቱ የታሰሩ አራዊትን የሚከታተል ድርጅት አቋቋሙ። ያ ድርጅት ቆይቶ ስሙን ከፊልሙ ወሰደ፤ ዛሬ እዚሁ አገራችን ሆለታ አካባቢ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል ማቆያ አለው። ከሕገወጥ ነጋዴ እጅ የተወሰዱ አቦ ሸማኔዎች፣ ሰንሰለት ላይ የከረሙ አንበሶች እዚያ ያርፋሉ። እነሆ፣ የአንድ ትወና መዘዝ ሆለታ ድረስ! ክፉ ሥራ ነው አላልኩም። ለሽማግሌ የሚሆን ማቆያ አላየሁም ነው ያልኩት።

ወደ አራዊት ከዞሩት ተዋንያን ሁሉ ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ሎርን ግሪን የሚባለውን ነው። «ቦናንዛ» በሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ከ1959 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የከብት አርቢዎቹ አባት ሆኖ ፈረስ ላይ ኖረ። ሲያበቃ የዱር አራዊት ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። ጭቃው የካሜራ ሰዎቹ፣ ድምፁ የእሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካናዳ ሬዲዮ ዜና ሲያነብ ሰው «የጥፋት ድምፅ» ይለው ነበር አሉ። ባለቤቴ እኔንም እንዲሁ ትለኛለች፤ የቀጠረኝ ግን የለም።

ንዴቴ ታዲያ ከልጁ ጋር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህ ካምፕ በ2006 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ካሜራ ያልገባበት ቀን ጥቂት ነው። የሚቀርጹት ግን ወረፋ ነው፤ የውኃ ወረፋ፣ የእህል ወረፋ። ዱሩን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ተዘርግቶ፣ ነጭ ጆሮው ኮብ የሚባለው የሜዳ እንስሳ ሣርና ውኃ እየተከተለ ደቡብ ሱዳን ደርሶ ይመለሳል፤ በዓመት 860 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ፓስፖርትም ወረፋም የለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውሮፕላን በተደረገ ቆጠራ ማዶ ደቡብ ሱዳን ብቻ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ስደተኛ የሜዳ እንስሳ ተገምቷል፤ አብዛኛው ይኸው ኮብ ነው። ዓለም ግን ስለ እንስሳት ጉዞ ሲነሣ ሴሬንጌቲ ይላል። ሴሬንጌቲ ሆቴል አለዋ! እዚህ ዝናብ ሲጥል መኪናው እንደ ጉማሬ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል።

ረግረጉ ላይ ደግሞ ሹቢል የሚሉት፣ አፉ ጫማ የሚያህል ግዙፍ ወፍ አለ። ዓሣ እስኪመጣለት ሳይነቃነቅ ይገተራል። ሰው መድረክ ላይ እንዲያ ቢቆም ቃለ ተውኔቱ ጠፋበት ተብሎ ይፏጭበታል፤ እሱ ሲያደርገው ጥበብ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። የሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፄን እየለካ ኖሯል። ትናንት መጥቶ «አባባ፣ ፊልሙን በአማርኛ ይተርኩልኝ» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አባ ኮዳ ጥንብ ይወዳል» የሚል ነው። ከወሎ ባሮ ወንዝ ድረስ የመጣ ድምፅ ለዚህ? በኮቡ እንጀምር አልኩት። ኮቡን ገና አልቀረጽኩም፣ ለመኪና ኪራይ ገንዘብ የለኝም አለ። እንግዲያው እስክትቀርጸው ድረስ ያ የኮሌራውን ሰውዬ ሞት አንዴ ድገምልኝ፣ የሻዩን ዱቤ እሰርዝልሃለሁ አልኩት። እያሰበበት ነው።