ባዝራይቱና ዘር ቆጣሪዋ በቅሎ

በዘቢዳር ተራራ ግርጌ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች። በልጅነቷ መስቀል በመጣ ቁጥር በጀፎረው ላይ፣ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በሚተያዩበት በዚያ ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ከእኩዮቿ ጋር ትጋልብ ነበር። አንደኛ ወጥታ አታውቅም፤ ጋላቢዋን ጥላም አታውቅም።

ጉልበቷ ሲጠና ጌታዋ ወንድ አህያ አስጠቃትና ሴት በቅሎ ወለደች። ውርንጭላዋ ጡት ሳትጥል አንድ ሌሊት ጅብ ጋጣውን ሰብሮ ገባ። እናት በኋላ እግሯ እየረገጠች እስኪነጋ ተከላከለች። ጅቡ የወሰደው የውርንጭላዋን የግራ ጆሮ ጫፍ ብቻ ነበር።

በቅሎ በገበያ ከፈረስ ትወደዳለችና ልጅቱ ስታድግ ለአንድ የወልቂጤ ባለጠጋ በውድ ተሸጠች። እናትየዋ ግን ዋጋዋ ከገበያ ገበያ እየወረደ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ገዢው ሁሉ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፣ ወገቧን ይጫናል፤ ስሟን የጠየቀ ግን የለም። በመጨረሻ ቡታጅራ ከተማ ጋሪ ላይ ተጠመደች። የማረቆ በርበሬ፣ ሲሚንቶ፣ ቆጮ፣ ሰው፣ የተገኘውን ሁሉ አመላለሰች። የጋሪው ማሰሪያ ትከሻዋን ልጦ አቆሰለው፤ ቁስሉ ሲሽር በዳማው ገላዋ ላይ ነጭ ጠጉር አበቀለ። ከተማው ውስጥ ባጃጅ በበዛ ጊዜ ደግሞ ዋጋዋ ይበልጥ ወርዶ ለወልቂጤ ባለጋሪ ተሸጠች።

በአንድ ክፉ በጋ፣ ወደ ዋቤ ወንዝ የሚፈሰው ጅረት ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረች። ባዝራይቱና ሌሎች እንስሳት በተራ ሊጠጡ ሲሰለፉ አንዲት በቅሎ በግላስና በዘርፍ አጊጣ መጣች።

«ከጋሪ ፈረስ ኋላ ቆሜ ውሃ አልጠጣም» አለች። «ዘር ይቆጠርና መልካም ዘር ያለው ይቅደም!»

አንድ አህያ «አባትሽ ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ፈረስ አጎቴ ነው» አለች።

«እናትሽስ?»

«ጃንሜዳ የጋለቡ ፈረሶች ዘር ናት።»

ነገሩ ሰፋ። እንስሳቱም የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በየጆካ ሸንጎ እንደሚያደርጉት ዝግባ ሥር ተቀመጡ፤ ዳኝነቱም ለሽማግሌው በሬ ተሰጠ። በሬው ባዝራይቱን «እስቲ አንቺም ዘርሽን ተናገሪ» አላት።

«አባቴ፣ ዘሬን አላውቀውም» አለች። «ሥራዬን ግን አውቃለሁ። በአንድ የክረምት ሌሊት ከመስቃን ገጠር ምጥ የያዛት ሴት ቡታጅራ ሆስፒታል አድርሻለሁ፤ ባጃጁ ጭቃ ውጦት ቀርቶ ነበር። እናቲቱም በሰላም ተገላገለች። እኔም አንዲት ልጅ ወልጄ ነበር፤ ወደዚህ አገር ተሸጠች። በግራ ጆሮዋ ላይ የጅብ ጥርስ ምልክት አለ። ካያችኋት፣ እናትሽ በሕይወት አለች በሉልኝ።»

በሬው በቅሎይቱን «ዘርፉን ከጆሮሽ ላይ አንሺው» አላት። አላነሣም ብላ አንገቷን ስታወዛውዝ ዘርፉ ራሱ ተንሸራተተ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ጎደሎ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው በሬ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ልጄ፣ ሰዎቹን ተመልከቺ። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ከዚሁ ከጉራጌ ምድር በልጅነቱ ተማርኮ የሄደው ባልቻ ሳፎ፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከመድፉ ጋር ቆሞ ሲዋጋ፣ አባ ነፍሶ የሚለው ስሙ የፈረሱ ነበር። እንደ እሱ በልጅነታቸው ተማርከው ኋላ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ ይባላሉ። የዳኘው አባት ማን ነው፣ የነፍሶ አያት ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አለ? ፈረሶቹ ተሸከሙ፣ አደረሱ፤ ጀግኖቹም ስማቸውን እንደ ማዕርግ ለበሱት። ስም ከሥራ ይወለዳል። አንቺ ግን ዘር ስትቆጥሪ የወለደችሽን ዘለልሻት። በቅሎ አትወልድምና ነገ አንቺን የሚቆጥር ዘር የለሽም፤ የሚቀርልሽ ሥራሽ ብቻ ነው። ባዝራይቱ ትቅደም፣ ትጠጣ። አንቺም ድካሟ እስኪወጣላት ሸክሟን ተሸከሚላት።»

እንስሳቱ ሁሉ «ይሁን» አሉ። በቅሎይቱም ግላሷን አውልቃ ጭነቱን ተቀበለች።

ይህ ተረት የተነገረው ለእኛ ነው። እንሰት ፍቃ፣ ቆጮ ሸጣ ልጇን መርካቶ የላከች እናት ስንት ናት! ልጁ ሰው ከሆነ በኋላ ደግሞ ለጋብቻ ሲነሣ የሰውን አጥንት ይቆጥራል፤ ሸክላ የሠራችለትን፣ ቆዳ ያለፋለትን፣ ቤቱን ያቆመለትን ባለሙያ በዘሩ ይንቃል። የጉራጌ ሰው በ1950ዎቹ መርካቶ ላይ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አገሩ መንገድ ሲያስወጣ ግን የተቆጠረው የእያንዳንዱ መዋጮ እንጂ የአያቱ ስም አልነበረም። መንገዱም ደረሰ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለልጅህ ትዳር ስታፈላልግ፣ ለሹመት ሰው ስትመርጥ፣ ለጎረቤትህ ወንበር ስትለቅ፣ «የማን ዘር ነው?» ከማለትህ በፊት «ምን ሠራ?» በል። ስትጎትትልህ የኖረችውን የጋሪ ፈረስም፣ ደከመች ብለህ አስፋልት ዳር አትጣላት፤ ያደረሰችህ እሷ ናት።