የቶንጎ ፋየርዎል

በጥር 2002 ዓ.ም. የጀርመንና የፈረንሳይ የሳይበር ጠባቂዎች ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቀዳዳ ስለተገኘበት ሌላ ብሮውዘር ተጠቀሙ ብለው ዜጎቻቸውን መከሩ። ማይክሮሶፍት ራሱ የቀበረው ሰኔ 8 ቀን 2014 ነው፤ አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተር ግን መርዶው ገና አልደረሰውም።

እኛም ምክር ሰሚ ነንና ከክሮም ወደ ኤጅ፣ ከኤጅ ወደ ኦፔራ እንሸሻለን። ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ የቆሙት በአንዱ በክሮሚየም ነው፤ እሱ ሲቀደድ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ያፈሳሉ። ፋየርፎክስ የራሱ ሞተር አለው፤ ማን አስታውሶት!

መድኃኒቱስ ማደስ ነበር፤ ማደስ ግን ዳታ ይበላል። ቶንጎ ከተማ ላይ ስልኩ «አሁን ይታደስ?» ሲለው «በኋላ»ን ያልነካ ጣት ካለ ይምጣ። ኔትወርክ በጠፋ ቀንማ ከተማው በሙሉ ከሰርጎ ገብ ነፃ ነው፤ ጉግል እንኳ ይህን የመሰለ ጥበቃ ሸጦ አያውቅም።