ድምፅ ያለው ዕቃ

የሰፈራችን መምህር ሞተር ብስክሌታቸው ከተያዘ ወዲህ ሰላም ላላቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልተፈታም።» የማያውቅ ሰው ከንፈሩን መጥጦ፣ «አይዞዎት፣ ቀን ያልፋል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ከታች ሰፈር ያሉ አንዲት እናት እንዲያውም ምሳ ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው ብቅ አሉ። ጎረቤት ጣልቃ ገብቶ፣ «እማማ፣ የተያዘው እኮ ሰው አይደለም፣ ሞተር ነው» ቢላቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ምን አድርጓል ተባለ?» አሉ። ምንም፤ ለማጣራት ነው። «እንግዲያስ ይቆያል» አሉና ምሳ ዕቃውን ለመምህሩ አስረክበው ሄዱ። «ያደረገማ ቶሎ ነው የሚወጣው።»

መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከከተማ ዳር ጎመንና ድንች የሚተክሉባት ቁራሽ መሬት አለቻቸው፤ እዚያ ለመድረስ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙት ጊዜ መሬቷ ላይ ከሚቆሙት በለጠባቸው። ዱባይ ያለ የእህታቸው ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ!» አለና ገዝቶ ላከላቸው። ነጋዴ አይደሉም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር፣ ለራስ አገልግሎት። አንድ ብቻውን የሚመጣ ዕቃ ግን በር ላይ ያስጠረጥራል። መቶ ሆኖ ቢመጣ ባለቤት አለው ይባላል።

የተገዛው ያማሃ ነው። ያማሃ ሞተር ከመሥራቱ በፊት ዜማ ሠሪ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ቶራኩሱ ያማሃ የሚባለው ጃፓናዊ በ1887 እ.ኤ.አ. የጀመረው በኦርጋን ነው፤ የመጀመሪያዋ ሞተር ብስክሌት ከዚያ ቤት የወጣችው በ1955 ነው። ሰልባትዮው ላይ የሚታየው አርማ ዛሬም ሦስት የሙዚቃ መቃኛ ሹካዎች ናቸው። ይህን ስሰማ የሞተሩ ዕጣ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ እንደመጣ ገባኝ። ድምፅ ያለው ዕቃ ነው፤ ድምፁም የተቃኘ ነው።

ጀበል አሊ ላይ ከመጫኑ በፊት ነዳጁ ከሆዱ ተቀዳ፣ ባትሪው ተነቀለ፣ መሪው ተፈታና ከጎኑ ታሰረ። የመርከብ ደንብ ነው፤ ክፋት የለበትም። መሪው የታሰረ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር በሣጥን ታሽጎ ሲመጣ ማንንም ያሰጋል ብሎ የሚያስብ የለም። ያሰጋል።

እግረ መንገዴን ስለ ሞተር ብስክሌት አሠራር ልናገር። መሪው የሚያዘው የፊተኛውን ጎማ ነው። የፊተኛው ጎማ ወደፈለገበት ይዞራል፣ መንገዱንም ቀድሞ ያያል፣ ግን አይገፋም። የሚገፋው የኋለኛው ነው፤ ሸክሙም ያለው እሱ ላይ ነው፣ ጭቃውም የሚረጨው ከሱ ነው፣ ካቴናውም ያለው እሱ ላይ ነው። ተራ የመካኒክ ወሬ ነው። የጠየቅኋቸው መካኒኮች ሁሉ ግን ይህን ሲነግሩኝ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ እንዳደረጉ እስካሁን አልገባኝም።

ሣጥኑ በሆርሙዝ ወጥቶ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ጅቡቲ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መምህሩ ለተማሪዎቻቸው ካርታ ላይ ሲያሳዩ የኖሩት ነው። ባሕር ካጣን ወዲህ ወደቦቻችን ደረቅ ናቸው፤ ትልቁ ሞጆ ከባሕር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደብ ይባላል፤ ክሬን አለው፣ ኮንቴይነር አለው፣ ዓሣ ብቻ ነው የሌለው። የኛ ሞተር ያረፈበትን ግን ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት ቀጠሮ ያስረዝማል።

የመጀመሪያው መስኮት ትውልዱን ጠየቀ። የስሪት ሀገር ምስክር ወረቀት ይሉታል። መምህሩ ሰነዳቸውን ዘረጉ፦ ስሙ የጃፓን፣ የተገጣጠመው ሕንድ፣ የተገዛው ኤምሬትስ።

«ታዲያ የየት ነው ልበል?» አለ ልጁ።

«ቅልቅል ነው።»

«ቅልቅል የሚል ቦታ የለም አባቴ። ቅጹ የሚቀበለው አንድ ነው።»

«ሞተር ብቻ ብለህ ብትጽፈውስ?»

ልጁ ከልቡ ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። «ሞተር ብቻ የሚባል ነገር ዛሬ አለ እንዴ?» አለና የመሰለውን ጻፈ። ሞተሩን የጠየቀው የለም።

ከዚያ ፍተሻ መጣ። ፈታሹ የስልኩን መብራት አብርቶ መሪው ከሚገባበት አንገት ሥር አጎነበሰ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ አቧራውን ጠረገ፣ እንደገና አረሰ፣ እንደገና ጠረገ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ቆጠረ። የሻሲ ቁጥር ፊደልና አኃዝ ተደማምሮ 17 ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ብሎ ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉትን የላቲን ፊደላት ከነጭራሹ አስወጥቷል። የሻጩ ጸሐፊ ግን ይህን አላወቀም፤ ዜሮዋን ኦ ብሎ ጽፏታል። ብረቱ ላይ ዜሮ፣ ወረቀቱ ላይ ኦ።

«የምንፈልገው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው» አለ ፈታሹ ወገቡን ይዞ ቀና እያለ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ካልሆነ ይሄኛው ይለቀቃላ?»

«ያኛው እስኪገኝ ይሄኛው ይቆያል።»

ያኛው በዓለም ላይ የለም፤ ደንቡ ራሱ እንዳይኖር ከልክሎታል። ቢሆንም ይፈለጋል። የኛ ሞተር ዋስ ሆኖ የተቀመጠው ለሌለ ሞተር ነው።

ስለ ቀረጡ ብዙ አልልም፤ ሆኖም በራሱ ገንዘብ ዕቃ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ይህችን ሒሳብ ቢይዛት አይጎዳም። የሚቀረጠው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የተገዛበት ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የመጣበት የመርከብ ኪራይ ተደምረው ነው። መንገዱም ይቀረጣል ማለት ነው። ድምሩ 100 ብር ነው እንበል፤ ቀረጡ ለምሳሌ 30 ከመቶ ቢሆን 130 ይሆናል። 15 ከመቶው ቫት የሚሰላው በ100 ላይ ሳይሆን በ130 ላይ ነው፤ 149 ብር ከ50። ከዚያ 10 ከመቶው ሱር ታክስ በዚህ ሁሉ ላይ ይወጣል፤ 164 ብር ከ45 ሳንቲም። ኤክሳይዝ ካለም ከቫቱ በፊት መሐል ይገባና የበላዮቹን ሁሉ ያሳብጣል። ግብሩ ራሱ ግብር ይበላል። መምህሩ ሒሳቡን በእርሳስ ሠርተው ሲጨርሱ፣ «መጨረሻ ላይ ሞተሩ የቱ ጋ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። ሞተሩ ታች ነው። ሁሉም ከላዩ ነው።

ያገለገለ መኪና ቢሆን ደግሞ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ኤክሳይዙም እየገፋ ይሄዳል። ያገለገለ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ መምህሩ ጡረታቸውን ሲቀበሉ አይተውታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። የተያዘበትን ቤት ኪራይ የሚከፍለው ተያዡ ነው። ብሩም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ገበያ ይወስነው ተብሎ ከተለቀቀ ጀምሮ ቁሞ የሚጠብቅ ዕቃ ሁሉ ቁሞ ይወፍራል፤ አንድ ዶላር 57 ብር ግድም የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ብሩ ተለቀቀ፣ ሞተሩ ቀረ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ባለቤቱ እንደተወው ይቆጠርና ጨረታ ይወጣበታል። መተውና መከልከል ወረቀት ላይ መልካቸው አንድ ነው።

መስኮቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። መመሪያው አልወረደም። ወደ ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን መምህሩ ገና ሳይነጋ ሄደው ወረፋ ይዘው አንደኛ ሆኑ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሲስተም የለም።»

«እሱንስ ከድሮም አውቃለሁ፤ የዛሬውን ጉዳዬን ንገሪኝ።»

ግራና ቀኟን አየች። «ፋዘር» አለች ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ፣ «ቀስ ይበሉ።»

በመጨረሻ እውነቱን የነገራቸው ትራንዚተራቸው ነው። ቡና ጋበዛቸውና፣ የሻሲ ቁጥሩም ትውልዱም ሰበብ እንደሆነ አጫወታቸው። በ2016 ዓ.ም. ጥር የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተብሏል፤ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። «መኪናውን በዚያ ዓይን ካዩት በኋላ ሞተሩንም በዚያው ዓይን ነው የሚያዩት፤ ሕጉን ባይጠቅሱም ፊታቸው ይጠቅሰዋል። ምን ነበር ኤሌክትሪኩን ቢያመጡ? ጭስ የለው፣ ሙቀት የለው፣ ድምፅ የለው። ማታ ሲሰኩት ይሞላል፤ መብራት ከጠፋም ዝም ብሎ ያድራል። እንዲህ ያለውን በሩ ራሱ ተከፍቶ ነው የሚያስገባው።»

መምህሩ አልተቃወሙም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዛ፣ መብራቱ ግን ከገዛ ወንዛችን እንደሚመጣ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ትክክል ነው ብለው ያምናሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ድምፅ ከሌለው፣ ሲመጣ ሰው በምን ያውቃል?»

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። አውሮፓውያንም ጠይቀውታል። ድምፅ አልባ መኪና እግረኛውን፣ ይልቁንም ዓይነ ስውሩን ሳይሰማ ደርሶ እንዳይገጨው ብለው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ አስገድደዋል። ዝም ያለውን ዝም በማለቱ መክሰስ! እኛ ጋ ዝምታ ዋጋው ገብቶናል፤ ሳይሰማ ደርሶ የሚገጭ ነገር እንግዳችን አይደለም።

ሞተርማ ዱሮውንም ስሙ ጠፍቷል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ሞተር ብስክሌትን ከመንገዷ ስትከለክል የተሰጠው ምክንያት ዘረፋ ነበር። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ቦርሳ ነጠቀ፤ ሰውየው ሮጠ፣ ሞተሩ ቀረ፣ ቅጣቱ ለቀረው ሆነ። ፈቃድ ያለው በፈቃዱ ይሄዳል፤ የሌለው የነጣቂው ዘመድ ነው። ስለ ሞተር ነው የማወራው።

ከዕለታት አንድ ቀን ተፈታ። ለምን እንደተያዘ ያልተነገረው ለምን እንደተፈታም አልተነገረውም። ያ የሚፈለገው ባለ ኦው ተገኝቶ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። መምህሩን ጠርተው አንድ ወረቀት ፊታቸው አኖሩ፤ «ሙሉ ዕቃዬን ያለ ጉድለት ተረክቤያለሁ፣ ወደፊትም ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም።» ብዕሩን አንስተው ቀና ሲሉ ሞተሩን አዩት። ሣጥኑ ተከፍቷል፣ መሪው ተገጥሟል፣ ሁለቱም ስፖኪዮዎች ግን የሉም። ተፈተው የወጡበት ቀዳዳ ብቻ አለ፤ ብሎኖቹ በሥርዓት መልሰው ገብተዋል።

«ስፖኪዮው የት ሄደ?»

ንብረት ክፍሉ ረጋ ያለ ሰው ነው። «ምን ያደርግልዎታል?» አለ። «የሚነዱት ወደፊት አይደል? ወደ ኋላ የሚያይ ነው የሚጋጨው።»

«ከኋላዬ የሚመጣውንስ?»

«ከኋላዎ የሚመጣው እርስዎን ያያል።»

ፈረሙ። ሊያስነሱት ሲሉ ጥበቃው ሮጦ መጣ፤ ግቢ ውስጥ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። በባዶ ሆዱ እንኳን ምን ድምፅ ሊያሰማ ይችል ነበር? ቢሆንም በእጃቸው እየገፉ አወጡት። በሩ ላይ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ላብ በላብ ሆነው፣ ሱሪያቸው በግሪስ ተለቅልቆ፣ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ አባት አብርቷል።

ሰሌዳ ለማውጣት ምርመራ ያስፈልጋል። ባትሪውን አስገጥመን፣ ነዳጅ ቀድተንለት በጭነት መኪና አስጭነን ወሰድነው። መርማሪው ጠንቃቃ ወጣት ነው፤ ፍሬኑን አየ፣ የፊት መብራቱን አየ፣ ማርሚታው ሥር ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ስፖኪዮ ግዙ ብሎ ጻፈልን። ከዚያ፣ «ክላክሱን ይንኩት እስቲ» አለ።

መምህሩ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ግቢው በሙሉ ዞረ።

«ይሠራል» አለና ምልክት አደረገ። «ግን ሆስፒታል አካባቢ እንዳይጠቀሙበት። ትምህርት ቤት አካባቢም። ቤተ መንግሥቱ ጋማ እንዳያስቡት። ቢሮ ያለበትም ሰው ይረብሻል፤ ማታ ደግሞ ሰው ይተኛል።»

«ታዲያ የማይሠራ ቢሆን ታሳልፈኝ ነበር?»

«በፍጹም! ክላክስ ግዴታ ነው።»

«እና የት ልንካው ልጄ?»

ወጣቱ እስክሪብቶውን ጉንጩ ላይ አድርጎ አሰበ። ሊረዳቸው ከልቡ እንደፈለገ ያስታውቅ ነበር።

«ቤትዎ» አለ። «በሩን ዘግተው።»